በስማችን ማን ይፈርማል?
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ከሂሳብ ክፍል ሰው ሲነሣ የሚጠበቀው ገቢና ወጪ ነው። የዓመቱን የሂሳብ ሪፖርት አባዝተን አድለናል፤ ጥያቄ ካለ ከሰዓት በኋላ እንመለስበታለን። አሁን የምንናገረው ስለ ኢሜይል ነው። «ይህ የኮምፒውተር ባለሙያ ሥራ አይደለም ወይ?» የምትል እኅት አትጠፋም። ሥራውስ የባለሙያ ነው፤ ውሳኔው ግን የእኛ ነው። ጥያቄው በማኅበራችን ስም ማን ይፈርማል የሚል ስለሆነ፣ ይህ ደግሞ ከጥንትም የዚህ ጉባኤ ሥልጣን ነው።

የነገሩን መነሻ አጠር አድርገን እንንገራችሁ። ባለፈው ዓመት በገና ሰሞን ውጭ አገር የምትኖር አንዲት ለጋሻችን ስልክ ደውላ «የባንክ ሂሳባችሁን ቀየራችሁ እንዴ?» አለችን። አልቀየርንም። የደረሳት መልእክት ግን የላኪው ስም የማኅበራችን፣ አድራሻው የሂሳብ ክፍላችን፣ መዝጊያው ላይ ያለው ምስጋናም እኛ የምንጽፈው ዓይነት ነበር። ልዩነቱ የባንክ ቁጥሩ ላይ ብቻ ነው። የተላኩ መልእክቶቻችንን አንድ በአንድ አየን፤ ከእኛ ሳጥን የወጣ ነገር የለም። የይለፍ ቃላችንም አልተሰረቀም። እግዚአብሔር ይስጣትና እኅታችን ከመላኳ በፊት ጠየቀች። ባትጠይቅ ኖሮ የልብስ ስፌት ሠልጣኞቻችን የአንድ ዙር ክፍያ የማናውቀው ሰው ኪስ ይገባ ነበር።

ታዲያ በራችን ሳይሰበር በስማችን እንዴት ተላከ? ይህን ለመረዳት ተራውን የፖስታ ቤት ደብዳቤ እናስብ። ደብዳቤ ስንልክ የላኪ ስም ሁለት ቦታ ይጻፋል። አንዱ ፖስታው ላይ ነው፤ ደብዳቤው ሳይደርስ ቢቀር የሚመለስበት። ሁለተኛው በውስጡ ባለው ወረቀት ላይ፣ ከአርማው ሥር ነው። ኢሜይልም እንዲሁ ሁለት የላኪ ስም አለው። የፖስታውን ስም የሚያዩት መልእክቱን የሚቀባበሉት ኮምፒውተሮች ናቸው። እኛ በስልካችን ላይ የምናየው የውስጡን ወረቀት ስም ነው። ኢሜይል የሚጓዝበት ደንብ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲጻፍ ሁለቱ ስሞች አንድ ይሁኑ አላለም፤ ያን ጊዜ መረቡን የሚጠቀሙት ጥቂቶችና የሚተማመኑ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ አንድ አታላይ ፖስታው ላይ የራሱን ስም፣ ወረቀቱ ላይ የእኛን ስም ጽፎ መላክ ይችላል። ፖስታው መንገድ ላይ ተቀዶ ይጣላል፤ ለጋሻችን እጅ የሚገባው ወረቀቱ ብቻ ነው።

ይህን ቀዳዳ ለመድፈን በየጊዜው ሁለት መቆጣጠሪያዎች ተሠርተዋል። አንደኛው ኤስ.ፒ.ኤፍ. ይባላል። የአንድ የኢንተርኔት ስም ባለቤት «በስሜ መላክ የሚችሉት እነዚህ ኮምፒውተሮች ናቸው» ብሎ ማንም ሊያየው በሚችል የስም መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ባንክ ዘንድ እንደምናስቀምጠው የፈራሚዎች ዝርዝር ማለት ነው። ነገር ግን የሚመረመረው የፖስታው ስም ነው።

ሁለተኛው ዲኪም ነው። ላኪው በምሥጢር ቁልፍ መልእክቱ ላይ ፊርማ ያኖራል፤ የፊርማው ማመሳከሪያ በስም መዝገቡ ላይ ይገኛል። ባንክ ዘንድ የፊርማ ናሙና እንደምንተው ነው። የተፈረመበት ጽሑፍ መንገድ ላይ ከተነካ ፊርማው ይበላሻል። ይህም ግን ማን እንደ ፈረመ ይናገራል እንጂ የፈረመው ሰው ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ስም ጋር አንድ መሆኑን አይናገርም።

አታላዩ በአሥራ ጥቂት ዶላር የራሱን የኢንተርኔት ስም ገዝቶ፣ ለዚያ ስም ዝርዝሩንም ፊርማውንም በሥርዓት አሟልቶ፣ ወረቀቱ ላይ የእኛን ስም ቢጽፍ ሁለቱም መቆጣጠሪያዎች «ትክክል ነው» ይላሉ። አልዋሹም። የተጠየቁት ስለ ሌላ ስም ስለሆነ ነው።

የጎደለውን ጥያቄ ያመጣው ዲማርክ የተባለው ሦስተኛው ደንብ ነው። ጉግል፣ ያሁ፣ ማይክሮሶፍትና ፔይፓልን የመሳሰሉ ድርጅቶች ተባብረው እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ይፋ አደረጉት፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2015 ደግሞ በኢንተርኔት ደንቦች ዝርዝር ውስጥ ታተመ። ዲማርክ የሚጠይቀው እንዲህ ነው፦ ሰው የሚያየው የወረቀቱ ስም፣ ካለፈው የፖስታ ስም ወይም ከተረጋገጠው የፊርማ ስም ጋር ይጣጣማል? ከሁለቱ በአንዱ ከተጣጣመ ይበቃል። በሁለቱም ካልተጣጣመ የስሙ ባለቤት ከሦስት አንዱን ያዛል፦ ዝም ብለህ ተመልከትና ንገረኝ፣ ወደ አጠራጣሪ ሳጥን አግልል፣ ወይም ጨርሶ አትቀበል።

ዛሬ ወደዚህ ያመጣን «ይጣጣማል» የምትለው ቃል ናት። ምን ያህል መጣጣም? እዚህ ላይ ሁለት ምርጫ አለ፦ የላላውና የጥብቁ። ባለቤቱ ምንም ካልተናገረ የሚሠራው የላላው ነው።

ሁላችንም እድር አለን፤ በእድር እንመስለው። ጎረቤት ሲሞት ስም ጠሪው «የእነ እገሌ ቤት» ይላል። እናትየው ታማ ልጅቱ ብትመጣ «ከቤቱ ሰው መጥቷል» ተብሎ ምልክት ይደረጋል። ይህ የላላው ነው፤ ከአንድ ቤት መሆን ይበቃል። ከባንክ ብር ሲወጣ ግን «የቤቱ ልጅ ነኝ» ማለት አይሠራም። ስሟ የተጻፈው ሴት ራሷ መታወቂያዋን ይዛ መቅረብ አለባት። ይህ ጥብቁ ነው፤ ስም ከስም ፊደል በፊደል መግጠም አለበት።

በኢንተርኔት ስም ሲታይ እንዲህ ነው። ለምሳሌ ያህል ስማችን «እኅቶች.ኦርግ.ኢቲ» ነው እንበል። ከሥሩ ንዑስ ስም መክፈት እንችላለን፤ ለመጽሔታችን «ዜና.እኅቶች.ኦርግ.ኢቲ» እንደ ማለት። ወረቀቱ ላይ «እኅቶች.ኦርግ.ኢቲ» ተጽፎ ፖስታው ወይም ፊርማው «ዜና.እኅቶች.ኦርግ.ኢቲ» ቢሆን በላላው ያልፋል፤ ቤቱ አንድ ነውና። በጥብቁ አያልፍም። ተገላቢጦሹም እንዲሁ ነው።

«እንግዲያው የቤቱ አጥር የት ድረስ ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ተገቢ ጥያቄ ነው። «ኦርግ.ኢቲ» ሥር ብዙ ድርጅት አለ፤ መጨረሻው አንድ ስለሆነ ሁሉም ዘመድ ሊባል አይችልም። ለዚህ ሲባል ሰዎች ስም የሚያስመዘግቡባቸውን የጋራ መጨረሻዎች የያዘ ዝርዝር አለ፤ መጀመሪያ ያዘጋጀው የሞዚላ ፕሮጀክት ነው። «ኦርግ.ኢቲ»፣ «ኮም.ኢቲ»፣ «ጎቭ.ኢቲ» እዚያ ላይ ተመዝግበዋል። ከጋራው መጨረሻ ፊት ያለው አንድ ስም የቤቱ ስም ነው። ስለዚህ «ኦርግ.ኢቲ» ላይ ያለ ሌላ ድርጅት በላላውም ቢሆን የእኛ ቤት ሰው ሊባል አይችልም።

ይህን ያህል ካየን የላላው ሞኝነት እንዳልሆነ እንገነዘባለን። ማኅበራችን ኢሜይል የሚልከው ከአንድ ቦታ አይደለም። የቢሮው ደብዳቤ ከአንድ ቦታ፣ መጽሔቱ በሌላ አገልግሎት፣ ደረሰኙ ደግሞ በሂሳብ ፕሮግራሙ በኩል ይወጣል። እንደነዚህ ያሉ አገልግሎቶች ያልደረሱ መልእክቶችን መልሰው ለመሰብሰብ ፖስታው ላይ ብዙ ጊዜ ንዑስ ስም ይጠቀማሉ። የላላው ይህን ሁሉ ያለ ችግር ያሳልፋል። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ጉግልና ያሁ ብዙ መልእክት የሚልኩ ሁሉ ዲማርክ እንዲኖራቸውና ስማቸው እንዲጣጣም አስገድደዋል፤ ጉግል ብዙ የሚለው በቀን 5,000 ገደማ ወደ ጂሜይል የሚላክ መልእክት ነው። ለእነሱም ቢሆን የላላው መጣጣም በቂ ነው። እኛ ያንን ያህል አንልክም፤ ደንቡ ግን ወዴት እንደሚሄድ ያሳየናል።

የላላው ችግር የሚመጣው ቤታችንን ለእንግዳ ስናካፍል ነው። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ለዘንድሮው ባዛር የምዝገባ ድረ ገጽ የሚሠራልን ድርጅት «ባዛር» የሚል ንዑስ ስም እንዲሰጠውና ከዚያ ስም ለተመዝጋቢዎች ኢሜይል እንዲልክ ጠይቋል። ጥያቄው የተለመደ ነው፤ በድርጅቱ ላይም ክፉ አናስብም። ነገር ግን በላላው ሕግ ይህን ስንፈቅድ ምን እንደ ሰጠን እንወቅ። በባዛሩ ንዑስ ስም የመላክ ፈቃድ ያለው ሰው፣ ወይም የእሱን ኮምፒውተር የሰረቀ ሌባ፣ ፖስታው ላይ «ባዛር.እኅቶች.ኦርግ.ኢቲ» ጽፎ ወረቀቱ ላይ የሂሳብ ክፍላችንን አድራሻ ሊያኖር ይችላል። ዲማርክ «ከአንድ ቤት ናቸው» ብሎ ያሳልፈዋል። ድንኳን እንዲተክልልን የጠራነው ሰው የቼክ ፈራሚ ሆነ ማለት ነው።

ሥራ ያለቀበት ንዑስ ስም ሲሆን ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ጋርዲዮ ላብስ የተባሉ የደኅንነት ተመራማሪዎች እንደ ገለጡት፣ አጭበርባሪዎች ከ8,000 በላይ የታወቁ ድርጅቶችንና ተቋማትን የኢንተርኔት ስሞች ተቆጣጥረው የማጭበርበሪያ ኢሜይል ሲልኩባቸው ነበር። አንዱ መንገዳቸው ባለቤቶቹ የረሷቸውን፣ መዝገቡ ላይ ግን ያልተሰረዙ ንዑስ ስሞችን መውረስ ነበር። ባለቤት የረሳውን ቤት ሌባ አይረሳውም።

«እንግዲያው ዛሬውኑ ጥብቁን እንምረጥ» ለማለት ግን አንቸኩል። ጥብቁም ዋጋ አለው። ፖስታው ላይ ንዑስ ስም የሚጠቀሙ አገልግሎቶች በፖስታው በኩል መጣጣማቸው ይቀራል። የሚተርፋቸው የዲኪም ፊርማ ብቻ ነው፤ እሱም ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ስም፣ ፊደል ሳይዛነፍ የተፈረመ ከሆነ ነው። ይህን ሳናጣራ «ጥብቅ» ብለን «አትቀበል» የሚል ትእዛዝ ብንጨምርበት ከሁሉ በፊት የሚጣለው የራሳችን ደረሰኝ ይሆናል። ብር ልካ ደረሰኝ ያልደረሳት ለጋሽ ደግሞ ምን እንደምታስብ ከእኛ የተሰወረ አይደለም።

ሌላም መታሰብ ያለበት አለ። አንዳንድ ለጋሾቻችን የሥራ ኢሜይላቸው ወደ ግል ሳጥናቸው እንዲተላለፍ አድርገዋል። መልእክት በሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ያስተላለፈው ኮምፒውተር በዝርዝራችን ስለሌለ የፖስታው ምርመራ ይወድቃል። ፊርማው ግን ጽሑፉ እስካልተነካ ድረስ ይጸናል። ስለዚህ የላላውንም ብንይዝ ጥብቁን፣ ፊርማችን በራሳችን ስም መሆኑ የማይቀር የቤት ሥራ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ በደንብ ይሰመርበት። ደንቡ ለፖስታውና ለፊርማው ለየብቻ ጥብቅ ወይም ላላ ማለትን ይፈቅዳል። አንዳንዶች ፊርማውን ጥብቅ አድርገው ፖስታውን ላላ ይተዉታል። ይህ ለእኛ አይጠቅምም። ዲማርክ ከሁለቱ በአንዱ ማለፍ ስለሚበቃው፣ የፊት በሩን ቆልፎ የጓሮውን ገርበብ አድርጎ እንደ መተው ነው። የባዛሩ ሰው በፊርማ ባይገባ በፖስታው ይገባል። ጥብቅ ከተባለ ሁለቱም ጥብቅ ይሁን።

ታዲያ ከሁለቱ የግድ አንዱን ለሁሉም መምረጥ አለብን? የለብንም። መልሱ በየቀኑ ከምንሠራው ሂሳብ ውስጥ አለ። ማኅበራችን ገንዘብ የሚያወጣው በሁለት መንገድ ነው። ለሻይ፣ ለታክሲ፣ ለወረቀት ፔቲ ካሽ አለን፤ አንዲት እኅት ይዛው በወር መጨረሻ ታወራርዳለች። ከዚያ በላይ ያለው በቼክ፣ በጣምራ ፊርማ ይወጣል። ፔቲ ካሹን በጣምራ ፊርማ ይውጣ ያለ ሰው የለም፤ ቼኩንም በአንዲት እኅት ፊርማ ይውጣ ያለ የለም። ጥበቃውን በሚጠበቀው ነገር ልክ አድርገነዋል።

ኢሜይልም ይህን ይፈቅዳል። ዲማርክ የሚያነበው ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስም የራሱን መዝገብ ነው፤ ንዑስ ስሙ የራሱ መዝገብ ከሌለው የዋናውን ይከተላል። ስለዚህ ለዋናው ስም ጥብቁን፣ ለመጽሔቱ ንዑስ ስም ደግሞ የራሱን መዝገብ ከፍተን የላላውን ማዘዝ እንችላለን። ገንዘብ የሚጠቀስበት ደብዳቤ ሁሉ፣ ደረሰኙም የልመናውም የምስጋናውም፣ ከዋናው ስም ብቻ ይውጣ። መጽሔትና ጥሪ ከ«ዜና» ይውጣ። የባዛሩ ሰውም ንዑስ ስሙን ቢያገኝ የባዛሩን ስም ብቻ ይጠቀማል፤ በዋናው ስም ሊጽፍ ቢሞክር ጥብቁ ይይዘዋል። ለጋሾቻችንም አንድ ቀላል ምልክት ይኖራቸዋል፦ ስለ ገንዘብ የሚናገር ደብዳቤ ከንዑስ ስም ከመጣ የእኛ አይደለም።

በዚህ መሠረት ከሂሳብ ክፍል አራት ሐሳብ ለጉባኤው እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በመጀመሪያ እንቁጠር። ዲማርክን «ተመልከትና ንገረኝ» በሚለው ደረጃ ላይ ለሦስት ወር እናቆየው። ጉግልን የመሳሰሉ ብዙ ተቀባዮች በየቀኑ ዘገባ ይልካሉ፦ በስማችን ከየትኛው ኮምፒውተር ስንት መልእክት መጣ፣ ስንቱ ተጣጣመ፣ ስንቱ ወደቀ የሚል። ይህን በየሳምንቱ ከራሳችን የላኪዎች ዝርዝር ጋር እናስታርቃለን። የባንክ ስቴትመንትን ከመዝገባችን ጋር እንደምናስታርቀው ነው፤ ያልታወቀ መስመር ካለ ወይ የእኛ ሆኖ ያልመዘገብነው ነው፣ ወይ የሌባ ነው።

ሁለተኛ፣ የሂሳብ ፕሮግራሙም የቢሮው ኢሜይልም በዋናው ስም፣ ፊደል በፊደል እንዲፈርሙ ባለሙያው ያስተካክል። ይህ በዘገባው ላይ ሳይታይ ወደ ቀጣዩ አንሂድ።

ሦስተኛ፣ ከዚያ በኋላ ዋናው ስም በሁለቱም በኩል ጥብቅ ይሁን፤ ትእዛዙም ከ«ተመልከት» ወደ «አግልል»፣ ከ«አግልል» ወደ «አትቀበል» ደረጃ በደረጃ ይውጣ። የመጽሔቱና የባዛሩ ንዑስ ስሞች የራሳቸው መዝገብ ይኑራቸው።

አራተኛ፣ ንዑስ ስም እንደ ቁልፍ ይቆጠር። ለማን፣ ለምን ሥራ፣ እስከ መቼ እንደ ተሰጠ በንብረት መዝገባችን ላይ ይስፈር፤ ሥራው ሲያልቅ ከስም መዝገቡ ይሰረዝ። የባዛሩ ድርጅት ሥራውን ሲያስረክብ የመጨረሻው ክፍያ ንዑስ ስሙ መሰረዙ ከተረጋገጠ በኋላ ይፈጸም።

ይህን ሁሉ ብናደርግም የማይዘጋ ነገር አለ፤ አታላይ እንዳይቀድመን እንነጋገርበት። ዲማርክ የሚጠብቀው የራሳችንን ስም ብቻ ነው። አንዲት ፊደል ለውጦ ተመሳሳይ ስም የገዛን ሰው አይከለክልም። አድራሻውን የራሱ አድርጎ መጠሪያው ላይ ብቻ የማኅበራችንን ስም የጻፈንም አይይዝም። የአንዷን የይለፍ ቃል ሰርቆ ከእውነተኛው ሳጥን የሚልክ ደግሞ በጥብቁም ያልፋል። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ በኢሜይል የክፍያ ማጭበርበር ወደ 2.9 ቢሊዮን ዶላር መጥፋቱ ሪፖርት ተደርጎለታል። ከተጎዱት መካከል ትልልቅ ድርጅቶችም አሉበት።

ስለዚህ ለጋሾቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን። የባንክ ቁጥር ለውጥ በኢሜይል ብቻ አንነግራችሁም። እንዲህ ያለ መልእክት ከደረሳችሁ፣ ምንም ያህል የእኛን ቢመስል፣ በመልእክቱ ላይ ባለው ቁጥር ሳይሆን ከዚህ በፊት በምታውቁት ስልክ ደውሉልን። ሌሊትም ቢሆን አይከብደንም። አባላትም እንዲሁ፦ ከሂሳብ ክፍል የመጣ የሚመስል «ቶሎ ክፈሉ» የሚል ነገር ሲደርሳችሁ እኛን ጠይቁን። መጠየቃችሁን እንደ አለመታመን አንቆጥረውም፤ ሂሳብ የሚያዘው በመጠየቅ ነው።

ማኅበራችን ሲመሠረት እናቶቻችን ያዋጡት ገንዘብ ትንሽ ነበር። ሰው እምነት የጣለባቸው ግን ብሩ ስለ በዛ አልነበረም፤ «እነሱ ካሉ ነው» ስለሚባልላቸው ነበር። ዛሬ ያ ስም በወረቀት ብቻ አይሄድም፤ በየሰዉ ስልክ ላይ በሰከንድ ይደርሳል። ክብ ማኅተማችንን ካዝና ውስጥ ቆልፈን እንደምናድረው፣ ይህንንም ስም ማን እንደሚይዘው ዛሬ በድምፅ ብልጫ እንድትወስኑልን አራቱን ሐሳቦች ለጉባኤው አቅርበናል።